የሳማራን የወይን ሐረግ በጀሶ ላይ መቅረጽ፦ ከንድፍ እስከ ማድረቅ

የጀሶ ቅርጽ የሚሞክሩ ሰዎች ሥራቸው የሚበላሽባቸው አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው ስላልሠለጠነ አይደለም። ደጋግመው የሚታዩት ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጀሶ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆረጥ አለማወቅ ነው፤ ሳይረጋ የነካው ሰው ጠርዙ ይፈርስበታል፣ ደርቆ ከሰነበተ በኋላ የጀመረው ደግሞ ስለቱ እየተንሸራተተ ቅጠሉን ይሰብርበታል። ሁለተኛው ስሕተት ቅጠሉን ከመደቡ አስቀድሞ መቅረጽ ነው። መደብ የምለው በቅጠሎቹና በሐረጎቹ መካከል ጎድጉዶ ጥላ የሚይዘውን ክፍል ነው። ቅጠሉን አጉልቶ የሚያሳየው ይህ ጥላ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆፈረው መደቡ ነው፤ ቅጠሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኖ መቆየት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተዘጋጀው እነዚህን ሁለት ስሕተቶች ለማስቀረት ነው።

የምንቀርጸው ዓይነት

ሳማራ ከባግዳድ በስተ ሰሜን፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከ836 እስከ 892 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓባሲዶች የተባሉት የሙስሊም ኸሊፋዎች ሥርወ መንግሥት መዲና ነበረች። በቤተ መንግሥቶቿና በቤቶቿ ግድግዳ ላይ የተገኘው የጀሶ ቅርጽ በሦስት ዓይነት ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓይነት አምስት ጣት ያለው የወይን ቅጠል ከነግንዱና ከነዘለላው በጥልቅ መደብ ላይ ይቆማል፤ በጣቶቹ መካከልም ክብ ቀዳዳዎች፣ ማለትም «ዐይኖች»፣ ይታያሉ። በሁለተኛው ቅጠሉ ከግንዱ ተለይቶ መደቡን ሊሸፍነው ይቃረባል፤ ገጹም በነጠብጣብና በጭረት ይሞላል። በሦስተኛው መደብ የሚባል ነገር ጨርሶ ይጠፋና ገጹ በሙሉ በሰያፍ ቁርጥ ይሠራል።

ለጀማሪ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። ሰያፍ ቁርጥ ቀላል ቢመስልም አንድ ስሕተት የጎረቤቱን መስመር ሁሉ ስለሚያዛባ ለማረም አይመችም። ንድፍ የሚያመሳክር ሰው ከ1911 እስከ 1913 በተካሄደው ቁፋሮ ወጥተው በርሊን በሚገኘው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም የተቀመጡትን የሳማራ ክፍሎች ፎቶግራፍ ይመልከት። ካይሮ ያለ ደግሞ በ879 በተጠናቀቀው የኢብን ጡሉን መስጊድ ቅስቶች ሥር ቆሞ ቀና ቢል የሳማራ እጅ ወደ ግብፅ እንዴት እንደተሻገረ በዐይኑ ያያል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እኛ «ሐረግ» ስንል በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለውን ጌጥ እናስባለን። የዚያን እጅ የለመደ ሰው ጥልፍልፉን ይዞ ወደ ጀሶው ይመጣና በጠባብ ቦታ ብዙ መስመር ያጨናንቃል። ቀለም ጠባብ ቦታን ይችላል፤ ጀሶ ግን አይችልም። እዚህ ላይ ግንዱ ወፈር፣ ዙሩ ሰፋ ማለት አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የምንሠራው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ነው። ለዚህ 3.3 ኪሎ ግራም ጀሶና 2.5 ሊትር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ሲገዙ «ጀሶ» ብለው ይጠይቁ እንጂ «ስቱኮ» አይበሉ። በቀለም መሸጫዎች ስቱኮ ተብሎ የሚሸጠው ግድግዳ ለማለስለስ በስስ የሚቀባ ነገር ነው፤ በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢፈስ ይሰነጠቃል፣ ቢቆረጥም ይፈረፈራል። ሲሚንቶም በምንም መጠን አይቀላቅሉ።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፦

- ስለቱ አጭር የሆነ ሰንጢ፤ ከተሰበረ የብረት መጋዝ ተስሎ የተሠራም ይሆናል።
- አፋቸው 3፣ 6 እና 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ትንንሽ መሮዎች።
- ወስፌ፣ ኮምፓስ፣ የብረት ማስመሪያ።
- ባለ 6 እና ባለ 8 ሚሊ ሜትር የመሰርሰሪያ ፑንታ።
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ወንፊት፣ ሁለት ባልዲ፣ ጨርቅና ሰፊ ፕላስቲክ።
- አራት የጣውላ ርብራብ ለማፍሰሻው ክፈፍ፣ ከሥሩም መስታወት ወይም ለስላሳ ሰሌዳ።
- የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ።

መዶሻ አያስፈልግም። መሮው በእጅ ግፊት ብቻ የማይገባ ከሆነ ሰዓቱ አልፏል ወይም ስለቱ ደንዝዟል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ

ጀሶ ሲረጋ ይሞቃል። ወፍራም ሆኖ የተጠራቀመ ጀሶ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችል እጅን ወይም ጣትን በውስጡ ማስቀመጥ ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል፤ ልጆች የእጃቸውን ቅርጽ ለማውጣት እንዳይሞክሩበት ይጠብቁ። የባልዲውን እጣቢ በመታጠቢያ ገንዳ አይድፉ፤ ቧንቧ ውስጥ ረግቶ ድንጋይ ይሆናል። ባልዲው ውስጥ እንዲረጋ ይተዉትና ቀርፈው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። በደረቅ ዱቄት ሲሠሩና ሲነፉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ደረጃ 1፦ ጀሶውን ይፈትኑ

ይህን ደረጃ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፤ ሙሉ ሰሌዳ የሚያበላሸውም እሱ ነው።

1. በንጹሕ ብርጭቆ 75 ሚሊ ሊትር ውኃ ያድርጉና 100 ግራም ጀሶ ይነስንሱበት።
2. አንድ ደቂቃ ካቆዩ በኋላ አማስለው ሰዓቱን ይመዝግቡ።
3. በየደቂቃው በሰንጢ ጫፍ መስመር ይጫሩበት። መስመሩ ተመልሶ መገጠም ያቆመበትን ደቂቃ ይጻፉ።
4. ብርጭቆው መሞቅ የጀመረበትንና ሙቀቱ የበረደበትንም ይጻፉ።

መስመሩ ከ8 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይገጠም ከቀረ ጀሶው ጥሩ ነው። በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ከረጋ ብርጭቆው ላይ የድሮ ጀሶ ቅሪት እንደነበረ ይጠርጥሩ፤ የረጋ ጀሶ ፍርፋሪ አዲሱን ያፋጥነዋል። ብርጭቆውን አጥበው ደግመው ይሞክሩት፤ አሁንም ከፈጠነ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብታ በውኃው ላይ ጨምረው ይፈትኑት፤ የሎሚ ኮምጣጣነት መርጋቱን ያዘገየዋል። ጠብታው ከበዛ ግን ጀሶው ደካማ ሆኖ ይቀራል። ጨው ያፋጥናል፣ ከደረቀ በኋላም ነጭ ዱቄት ሆኖ በገጹ ላይ ስለሚወጣ በፍጹም አይጠቀሙበት። ከአንድ ሰዓት በኋላም በጣት የሚጎደጉድ ጀሶ እርጥበት የገባበት ወይም ከመጠን በላይ የተቃጠለ ስለሆነ ይመልሱት፤ መድኃኒት የለውም።

ደረጃ 2፦ ንድፉን ይሥሩ

ንድፉ በወረቀት ላይ ሳያልቅ ጀሶ አይበጥብጡ።

1. 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያስምሩ፤ ከዳሩ 3 ሴንቲ ሜትር ገብተው ሁለተኛ ካሬ ያስምሩ። የውስጠኛው 24 በ24 ይሆናል።
2. የውስጠኛውን ካሬ በመስቀለኛ መስመር ከአራት ይክፈሉት። እያንዳንዱ 12 በ12 ነው።
3. በእያንዳንዱ ክፍል መሐል ላይ ኮምፓስ ተክለው በ6 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎም በ5.2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ክቦች ያዙሩ። በሁለቱ መካከል ያለው 8 ሚሊ ሜትር ግንዱ ነው።
4. አራቱ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው በሚነካኩበት ቦታ ግንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለስልሶ እንዲሻገር በእጅ ያስተካክሉት። እነዚህን መገናኛዎች አያጥብቧቸው፤ የሰሌዳው ጉልበት ያለው እዚያ ነው።

አሁን ቅጠሉ ይቀጥላል። ብዙ ሰው አምስት ጣት በግምት ለመሣል ይሞክርና አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆንበታል። መፍትሔው ኮምፓስ ውስጥ አለ። በክቡ መሐል ኮምፓስ ተክለው በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ክብ ያዙሩና ኮምፓሱን ሳይከፍቱና ሳይዘጉ በዙሪያው ላይ ስድስት ጊዜ ያራምዱት። ስድስት ነጥብ ያገኛሉ፤ አምስቱ የአምስቱ ጣቶች ጫፍ፣ ወደ ታች ያለው ስድስተኛው ደግሞ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚያያዝበት አንገት ይሆናል። ከመሐሉ 2 ሴንቲ ሜትር ርቀው በጣቶቹ መካከል አራት ትንንሽ ክቦች ያስቀምጡ፤ ስፋታቸው 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዐይኖቹ እነዚህ ናቸው። ከዚያ የእያንዳንዱን ጣት ዳር ከዐይኑ ጀምረው ወደ ጫፉ በማጥበብ ያስምሩ፤ አንገቱንም እስከ ግንዱ ያድርሱት።

በአራቱ ቀለበቶች መሐል ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ባለ አራት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። ባለ ሦስት ክፍል የወይን ዘለላ የሚገባው እዚህ ነው። በዳርና በማዕዘን የሚቀሩትን ትንንሽ ክፍተቶች ከግንዱ በሚነሣ ግማሽ ቅጠል ይሙሏቸው። ልኩ ይህ ነው፦ ከትንሽ ጣትዎ ስፋት በላይ የሆነ ባዶ መደብ የትም አይቅር፤ ምንም ቅጠል ደግሞ ግንድ ሳይኖረው አይንሳፈፍ። የተመልካች ዐይን ከየትኛውም ቅጠል ተነሥቶ በግንዱ ላይ እየተጓዘ ከሌላው መድረስ አለበት።

በዳሩ ክፈፍ ላይ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንድ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዶቃ ያስቀምጡ። በዙሪያው 36 ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኖራቸዋል።

በመጨረሻም ወረቀቱን በወፍራም ጨርቅ ላይ ዘርግተው መስመሮቹን በሙሉ በየ3 ሚሊ ሜትሩ በመርፌ ይብሱ።

ደረጃ 3፦ ይበጥብጡና ያፍስሱ

1. የጣውላውን ክፈፍ በመስታወቱ ላይ ይግጠሙ፤ ከውጭ በኩል ስንጥቆቹን በሸክላ ጭቃ ይድፈኑ። ውስጡን ዘይት ቀብተው በጨርቅ ይጥረጉት፤ የሚታይ ዘይት መቅረት የለበትም።
2. ጀሶውን በወንፊት ይንፉ።
3. ውኃውን በባልዲ አስቀድመው ያድርጉ። ጀሶውን ወደ ውኃው በእጅ እየነሰነሱ ይጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ጀሶ አያፍስሱ። ይህ ከተገለበጠ በውስጡ ደረቅ እንክብል ይቀርና መሮው እዚያ ሲደርስ ጉድጓድ ይከፍታል።
4. ሳይነኩት ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ከሥር ወደ ላይ በዝግታ ያማስሉ። አረፋ እስኪወጣ አይምቱት። ውፍረቱ ለብርጭቆ የሚሆን እርጎ ያህል ሲሆን በቃ።
5. በአንድ ጊዜ ከአንድ ማዕዘን ያፍስሱ። ጠረጴዛውን ለአንድ ደቂቃ በቡጢ ቀስ ብለው ይምቱ፤ አየሩ ይወጣል።
6. ሊረጋ ሲል ላዩን በብረት ማስመሪያ ያስተካክሉት፤ ይህ የሰሌዳው ጀርባ ነው። መስታወቱን የነካው ወገን ፊት ይሆናል።

መርጋት የጀመረን ጀሶ ውኃ ጨምሮ ማቅጠን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የጀመረውን ትስስር በጥሰውታል፤ ሲደርቅ ጠንካራ ቢመስልም በስለት ሲነካ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ከረጋብዎ ጣሉት ብዬ ነው የምመክረው። የተነሰነሰው ዱቄት ዋጋ ከሦስት ቀን ድካም ይረክሳል።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ይወቁ

ሰሌዳው ይሞቃል፣ ከዚያም ይበርዳል። ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ፣ ይኸውም ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ፣ ክፈፉን ፈትተው ይገልብጡት። ፊቱን በብረት ማስመሪያው ጠርዝ ስስ አድርገው ይፋቁት፤ የዘይቱ ሽፋን ካልተነሣ በሚቀጥለው ደረጃ ንድፉን የምናሳርፍበት የከሰል ዱቄት አይይዝም።

መቁረጫው ሰዓት አሁን ይጀምራል፤ ሰሌዳው እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስም ከሁለት እስከ አራት ቀን ሊዘልቅ ይችላል። ሰዓቱን የሚነግርዎ ከስለቱ ሥር የሚወጣው ቅራፊ ነው። በሰሌዳው ጎን ላይ አንድ ጊዜ ይቁረጡና ቅራፊውን በጣትዎ ያንሡት፦

- እንደ ጭቃ ስለቱ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።
- ከአዲስ የልብስ ሳሙና ላይ እንደሚነሣ ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጥቶ በሁለት ጣት ሲታሽ ከተሰበረ ሰዓቱ ነው።
- ዱቄት ሆኖ ከበነነ ደርቋል። ሰሌዳውን በውኃ በተነከረ ብሩሽ ደጋግመው ያርሱት፤ ውኃውን መምጠጥ ሲያቆም ይጀምሩ።

ሥራ ባቆሙ ቁጥር፣ ለምሳም ቢሆን፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በፕላስቲክ ይጠቅልሉ። በውኃ ነክሮ ማሳደር ግን አይገባም፤ ጀሶ በጥቂቱ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ስል ጠርዞች ይዶለዱማሉ።

ደረጃ 5፦ ንድፉን ያሳርፉ

1. ሰሌዳውን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙ። በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ካረፈ በግፊት ይሰነጠቃል።
2. የፊቱ የውኃ ንጸባራቂ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ በሚያበራ ገጽ ላይ ከሰል ይንጠባጠባል።
3. የተበሳሳውን ወረቀት በፕላስተር አያይዘው የተፈጨ ከሰል በስስ ጨርቅ ቋጥረው በላዩ ላይ መታ መታ ያድርጉ።
4. ወረቀቱን ከማንሣትዎ በፊት አንዱን ማዕዘን ገልጠው ነጥቦቹ መታየታቸውን ያረጋግጡ።
5. ነጥቦቹን በወስፌ አያይዘው 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይጫሩ። ከሰሉን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ።

የሚቆፈረውን መደብ በሙሉ በእርሳስ ጭረት ይሙሉት። አላስፈላጊ መስሎ የሚታየው ይህ ሥራ፣ በሁለተኛው ቀን ዐይን ሲደክም ቅጠሉን መደብ ነው ብሎ ከመቆፈር ያድናል።

ደረጃ 6፦ ዐይኖቹን አስቀድመው ይብሱ

የአራቱ ቅጠሎች 16 ዐይኖችና የክፈፉ 36 ቀዳዳዎች የሚበሱት አሁን፣ ዙሪያቸው በሙሉ ገና ሳይነካ ነው። መደቡ ከተቆፈረ በኋላ የሚበሳ ዐይን የቅጠሉን ጣት ከሥሩ ይነቅለዋል።

ፑንታውን በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አያዙሩት፤ በጨርቅ ጠቅልለው በጣትዎ ያሽከርክሩት። ከጫፉ 15 ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት፤ ለክፈፉ ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። በየጥቂት ዙሩ አውጥተው ይጥረጉት፤ ካልተጠረገ ዱቄቱ ታምቆ የቀዳዳውን አፍ ይሰነጥቃል።

የመጀመሪያውን ሰሌዳዬን ስሠራ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ነበር። ቅጠሎቹ አምረው ወጥተው ነበር፣ የቀረኝ ዐይኖቹ ብቻ ነበሩ፤ በሦስተኛው ቅጠል ላይ ፑንታው አንድ ዙር ሲዞር የመካከለኛው ጣት ከነጫፉ ተገንጥሎ መደቡ ውስጥ ወደቀ። ስብራቱ ንጹሕ ነበርና መልሶ ተጣበቀ፤ መስመሩ ግን ዛሬም ከጎን ብርሃን ሲበራበት ይታያል።

ደረጃ 7፦ መደቡን ይቆፍሩ

የሥራው ግማሽ ይህ ነው። በችኮላ አይሞከርም።

*ከመሐል ወደ ዳር ይሂዱ።* ከወይኑ ዘለላ ዙሪያ ይጀምሩ። ክፈፉን መጨረሻ ላይ ይንኩት፤ እስከዚያ ድረስ የእጅዎ መደገፊያና የሰሌዳው መታጠቂያ እሱ ነው።

*በሦስት ዙር ይውረዱ።* መጀመሪያ የሰሌዳውን መደብ በሙሉ 5 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 15 ያድርሱት። አንዱን ጥግ በአንድ ጊዜ 15 አድርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጥልቀቱን ያዛባል፤ ቀድሞ የተጋለጠውም ቅጠል በሚቀጥሉት ሰዓታት ሁሉ በእጅ ይደቆሳል።

*እያንዳንዱን ዙር እንዲህ ይሥሩ፦*

1. በሰንጢው ጫፍ የቅጠሉን ዳር ይከተሉ፤ ነገር ግን ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ወደ መደቡ ወገን ይራቁ።
2. ስለቱን ቀጥ አድርገው አይትከሉት፤ እጀታውን ወደ ቅጠሉ ወገን ትንሽ ያዘንብሉት። እንዲህ ሲሆን ቅጠሉ ከላይ ጠባብ፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ይሆናል፤ ሥሩ የሰፋ ቅጠል አይሰበርም።
3. በ6 ሚሊ ሜትሩ መሮ ከመደቡ መካከል ጀምረው ወደ ቆረጡት መስመር ያንሡ። መሮው ወደ ቅጠሉ እየሄደ ከመስመሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያቁሙትና የቀረውን በሰንጢ ያጽዱ።
4. ፍርፋሪውን በብሩሽ ይጥረጉ። በአፍ አይንፉት፤ እርጥቡ ዱቄት ተመልሶ ይለጠፋል።

ጥልቀቱን ለመለካት በትንሽ እንጨት ላይ ምስማር መትተው 15 ሚሊ ሜትር እንዲወጣ ያድርጉ። እንጨቱን በቅጠሉ ገጽ ላይ እያስኬዱ ምስማሩ መደቡን ብቻ እንዲነካ ማድረግ ከማስመሪያ ይበልጣል።

በሦስተኛው ዙር ያስቀሩትን 1 ሚሊ ሜትር እስከ መስመሩ ይቁረጡ። የመደቡ ወለል መስታወት እንዲሆን አይጣሩ፤ ጥላ ውስጥ የሚኖር ነው፣ ትንሽ የመሮ ምልክት ይበጀዋል። ጥግ ጥጉን ግን በ3 ሚሊ ሜትሩ መሮ ስል አድርገው ያጽዱ፤ የተሞላ ጥግ ጥላውን ያደበዝዘዋል።

ስብራት ሲያጋጥም

ቁራጩን አይጣሉ። መደቡ ውስጥ ከወደቀ በወስፌ ያውጡትና በእርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። ሁለቱንም የተሰበሩ ፊቶች በብሩሽ ውኃ ያጥግቡ፤ ደረቅ ጀሶ የማጣበቂያውን ውኃ በቅጽበት ስለሚመጥጠው ሳይረጋ ይሞታል። አንድ ማንኪያ አዲስ ጀሶ ከወተት ትንሽ ወፈር አድርገው በጥብጠው ይቀቡና ቁራጩን ተጭነው ሳይነቃነቅ አሥር ደቂቃ ይያዙት። የተረፈውን በማግስቱ ይፋቁ። የእንጨት ኮላ አይጠቀሙ፤ ኮላው ያለበት መስመር በእርጥብ ሰሌዳ ላይ አይደርቅም፣ ከጀሶውም ይልቅ ስለሚጠነክር ስለቱ እዚያ ሲደርስ ይዘላል።

ቁራጩ ደቅቆ ከጠፋ ቦታውን በወስፌ ቧጭረው አጥግበው በአዲስ ጀሶ ከፍ አድርገው ይሙሉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ይቅረጹት። ከመደቡ የበለጠ የተቆፈረ ጉድጓድም በዚሁ መንገድ ይሞላል። ነገር ግን ስብራት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከደረሰብዎ ማጣበቁን ትተው ስለቱን ይሳሉ፤ በተደጋጋሚ የሚሰብረው የደነዘዘ ስለት ነው።

ደረጃ 8፦ ቅጠሉን ያብጁ

አሁን ጠፍጣፋ የሆነ የቅጠል ቅርጽ በጥልቅ መደብ ላይ ቆሟል። እዚህ የሚወገደው በጣም ጥቂት ነው፤ ከፍተኛው 6 ሚሊ ሜትር።

1. መጀመሪያ ግንዶቹን ያንሡ። ግንዱ ከቅጠሉ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በሁለቱም ጠርዝ ሰያፍ ቆርጠው መሐሉን በአንድ ስስ ቦይ ይክፈሉት።
2. የእያንዳንዱን ጣት መሐል ከጫፍ ወደ ቅጠሉ እምብርት በዝግታ ያጎድጉዱ። ዳሩ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ሲል ብርሃኑ በጣቱ ውስጥ ይሄዳል። የተገለበጠው አሠራር፣ መሐሉን ማሳበጥ፣ ቅጠሉን ዳቦ ያስመስለዋል፤ ይህ የጀማሪ ሰሌዳ ሁሉ በሽታ ነው።
3. በጉድጓዱ መሐል በወስፌ ዋናውን የቅጠል ደም ሥር ይጫሩ፤ ከእሱም በሁለቱም ወገን ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፍ። ጭረቶቹ ወደ ጫፉ ያዘንብሉ።
4. የዐይኖቹን አፍ በሰንጢ ጫፍ ዙሪያውን በስሱ ይግለጡ፤ ቀዳዳው ጨለማ፣ ከንፈሩ ብሩህ ሆኖ ይወጣል።
5. የወይኑን ፍሬዎች በመሮ ማዕዘን ክብ እያደረጉ ይለዩ። በመጨረሻ የክፈፉን ዶቃዎች ይግለጡ፤ በመካከላቸው ያለው መደብ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውረድ።

ክፍሉን ጨለም አድርገው አንድ መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው እያዩ ይሥሩ። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ሁሉም ነገር ያለቀ ያስመስላል። የብርጭቆ ወረቀት በእርጥብ ሰሌዳ ላይ አያሽከርክሩ፤ የስለቱን ጥርት ያለ ፊት ወዲያው ያደፈርሰዋል። የሳማራም ሆነ የኢብን ጡሉን ሥራ ሕይወት ያለው የተቆረጠበት ስለት ስለሚታይ ነው።

ደረጃ 9፦ ያድርቁና ይስቀሉ

ሰሌዳውን በጥላ ሥር፣ በሁለት ዘንግ ላይ አቁመው በሁለቱም ወገን አየር እንዲያገኘው ያድርጉ። በበጋ አንድ ሳምንት፣ በክረምት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያድርጉት፤ ጀሶ ከ45 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከሞቀ በውስጡ የያዘውን ውኃ መልቀቅ ይጀምርና ገጹ ዱቄት ይሆናል። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭዎን ያስጠጉበት፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው።

ቀለም የሚቀባ ሰው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ የቀጠነ ቀለም በሁለት ዙር ይጠቀም እንጂ በአንድ ወፍራም ዙር ጥግ ጥጉን አይድፈን። መደቡን ብቻ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በቀይ መቀባትም ይቻላል፤ በስፔን፣ ግራናዳ ከተማ ባለው የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ጀሶዎች ላይ የቀለም ቅሪት ዛሬም ይታያል።

ይህ ሰሌዳ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ዝናብ በሚነካው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በጥቂት ክረምት መስመሩ ይሟሟል። ሲሰቅሉት ከጎን መስኮት ባለው ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው የቆፈሩት ጥላ ሁሉ ይጠፋል። ዝንፈቱን በውኃ ልክ ካረጋገጡ በኋላ ከሥሩ ሁለት ብረት ያስደግፉት፤ ክብደቱን በላይኛው ማንጠልጠያ ላይ ብቻ አይተዉት።